ሂንዲ ሳይችሉ «ኮን ባኔጋ ክሮርፓቲ»ን እንዴት ማየት ይቻላል

የህንዱን የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር «ኮን ባኔጋ ክሮርፓቲ»ን ብዙ ሰው በጨረፍታ ያውቀዋል። ዱባይ ወይም ኩዌት የሠራ ሰው ህንዶች ባሉበት ቤት ወይም ሱቅ ተከፍቶ አይቶታል። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ቁራጩ ሲመጣለት ትንሽ ቆም ብሎ ያልፈዋል። ነጭ ፂም ያለው ረጅም ሰው፣ ፊት ለፊቱ የተጨነቀ ተወዳዳሪ፣ አራት ምርጫ፣ ልብ የሚያንጠለጥል ሙዚቃ። «ቋንቋው አይገባኝም» ብሎ መቀየር ቀላል ነው።

አትቀይሩት። ሂንዲ የማይችል ሰው ከህንድ ቴሌቪዥን አንድ ነገር ብቻ ይይ ቢባል እኔ የምመርጥለት ይህን ነው። የህንድ ፊልም አገሩን አስውቦ ነው የሚያሳየው። እዚህ ወንበር ላይ ግን ከትንሽ ከተማ የመጣች አስተማሪ፣ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ቁጭ ብለው ስለ ኑሯቸው ያወራሉ። ጥያቄው ሰበብ ነው፤ ዋናው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። ይህን ይዛችሁ ከጀመራችሁ የቀረውን መልመድ አይከብድም።

እኔ የለመድኩት ህንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው። ሂንዲዬ ሻይ ከማዘዝና ከኦቶ ሪክሾ ሹፌር ጋር ዋጋ ከመከራከር አያልፍም ነበር። አከራዬን እንደ አገሩ ልማድ ሁላችንም «አንቲ» እንላቸዋለን። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን ከፍተው በሬን ያንኳኳሉ። እዚህ የማካፍላችሁ አብዛኛው ነገር ከእሳቸው ሶፋ ላይ የተማርኩት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ገንዘቡን በህንድ አቆጣጠር ቁጠሩ

ህንዶች በዕለት ተዕለት ንግግር ሚሊዮን ብዙም አይሉም። መቶ ሺህ «ላክ» ነው። መቶ ላክ ደግሞ አንድ «ክሮር»፣ ማለትም 10 ሚሊዮን ነው። ኮማው የሚቀመጥበት ቦታም ይለያል፤ አንድ ክሮር ሩፒ ስክሪኑ ላይ 1,00,00,000 ተብሎ ነው የሚወጣው። የፕሮግራሙ ስም ራሱ «ባለ ክሮር የሚሆነው ማን ነው?» እንደማለት ነው።

በ2019 ውድድር መሰላሉ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ 1,000 ሩፒ፣ አምስተኛው 10,000፣ አሥረኛው 3,20,000። ከዚያ ወዲያ ይከንፋል፤ 6,40,000፣ 12,50,000፣ 25 ላክ፣ 50 ላክ፣ አንድ ክሮር። በመጨረሻ የምትቀረው አንድ ጥያቄ ደግሞ 7 ክሮር። ጣሪያው ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያለ ነው የመጣው። በ2000 ሲጀመር ትልቁ ሽልማት 1 ክሮር ነበር፣ በ2005 ወደ 2 ክሮር፣ በ2010 ወደ 5 ክሮር አደገ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለቱን በደንብ ያዙ፦ 10,000 እና 3,20,000። ማረፊያዎች ናቸው። እዚያ የደረሰ ሰው በኋላ ቢሳሳት ከዚያ በታች አይወርድም። አሁን አስቡት። 50 ላክ በእጇ ያለች ተወዳዳሪ የክሮሩን ጥያቄ ብትስት በቀጥታ ወደ 3,20,000 ትወርዳለች። አልመልስም ብላ ብታቆም 50 ላኳን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ሂንዲ ባታውቁም ፊቷ ላይ የሚታየው ጭንቀት ከምን እንደመጣ በዚህ ይገባችኋል።

«አቆማለሁ» ሲባል ቻናል አትቀይሩ። አቅራቢው ወዲያው አያሰናብትም። «ብትቀጥል ኖሮ የትኛውን ትመርጥ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተወዳዳሪውም አንዱን ይጠራል። አንዳንዱ ትክክል ሆኖ ይገኛል። እንደዚያ ሲሆን ሳሎን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ራሱ ላይ ይጭናል።

የጨዋታው ደንብ ራሱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይገባል። አሥር ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ የፍጥነት ጥያቄ ይመጣል፣ ቀድሞ በትክክል የመለሰ ወደ መሐለኛው ወንበር ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች 45 ሰከንድ አላቸው፣ ቀጣዮቹ አምስት 60። ከአሥረኛው በኋላ ሰዓት የለም። ለዚህ ነው የሚጥመው ወሬ ከዚያ በኋላ የሚመጣው። «ላይፍ ላይን» የሚባሉት የእርዳታ ዕድሎችም አሉ፤ ለወዳጅ መደወል፣ ተመልካቹን ማስመረጥ፣ ከአራቱ ሁለት የተሳሳቱትን ማስወጣት። ዓይነታቸው በየዓመቱ ይቀያየራል። በ2020 ለምሳሌ በኮቪድ ምክንያት ስቱዲዮው ውስጥ ተመልካች ስላልነበረ የተመልካቹ ምርጫ ቀርቶ ነበር።

መሐል ላይ «ጡ…ጥ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የዕለቱ ሰዓት አልቋል ማለት ነው። ተወዳዳሪው በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ታሪኩ በድንገት ከተቋረጠባችሁ ቀጣዩን ክፍል ክፈቱ።

እነዚህን ጥቂት ቃላት ከያዛችሁ ይበቃል

«ሳዋል» ጥያቄ ነው፣ «ጃዋብ» መልስ። አረብ አገር የኖራችሁ ሁለቱንም ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ፣ ከአረብኛ የመጡ ናቸው። «ሳሂ» ማለት ልክ፣ «ጋላት» ማለት ስህተት። ምርጫዎቹን ራሳቸውን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብለው ነው የሚጠሩት፣ እዚያ ላይ ችግር የለም።

ከሁሉም የምትሰሙት «ሎክ ኪያ ጃዬ?» የሚለውን ነው። «ይቆለፍ?» ማለቱ ነው። ተወዳዳሪው እሺ ካለ አቅራቢው ወደ ስክሪኑ ዞሮ «ኮምፒውተር ጂ» ብሎ ያዝዛል። «ጂ» የአክብሮት ጭማሪ ናት። ኮምፒውተሩን በአክብሮት ነው የሚጠራው! ከተቆለፈ በኋላ መልስ አይቀየርም። ይህች ሐረግ ከቴሌቪዥኑ ወጥታ ህንድ ውስጥ የሁሉም ሆናለች። ልብስ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቀሚስ ይዛ የምታመነታ ደንበኛ «ሎክ ኪያ ጃዬ?» ስትባል ሰምቻለሁ። ክፍል ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንመርጥ አማካሪያችንም ይህንኑ ነበር የሚሉን።

ጥያቄው ስክሪን ላይ በጽሑፍ ስለሚወጣ ሌላም ዘዴ አለ። በዩቲዩብ ወይም የሶኒ ቴሌቪዥን የኢንተርኔት መመልከቻ በሆነው በሶኒ ላይቭ የምታዩ ከሆነ አቁሙትና የስልካችሁን መተርጎሚያ ካሜራ ደቅኑበት። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ግን በየጥያቄው አታድርጉት፣ ጨዋታውን ይገድለዋል። ከአሥረኛው በኋላ ላሉት ብቻ አስቀሩት።

አቅራቢውን እዩት

አሚታብ ባችቻን በህንድ ፊልም ላደገው የእኛ አገር ተመልካች አዲስ ሰው አይደለም። ብዙዎች የሚያውቁት ግን ሲደባደብ ነው። እዚህ የምታዩት ሌላ ሰው ነው።

ፕሮግራሙ ሐምሌ 3 ቀን 2000 በስታር ፕላስ ሲጀመር 57 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ክፉ ነበሩ። ያቋቋመው ኩባንያ ከስሮ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ፊልሞቹም እንደ ድሮው አልሄዱለትም። በዚያ ዘመን ደግሞ ትልቅ የፊልም ተዋናይ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ እንደ ውርደት ነበር የሚታየው። እሱ መጣ። ውድድሩ ኦሪጅናሉ የእንግሊዝ ነው፣ እዚያ በ1998 ነው የጀመረው። የህንዱን የሠራው በጥያቄና መልስ ፕሮግራሞች የታወቀው ሲዳርታ ባሱ ነው። የመብራቱ፣ የሙዚቃው፣ የወንበሩ ነገር ከእንግሊዙ ጋር አንድ ነው። የሚለየው አቀራረቡ ነው።

ሦስት ነገር ተከታተሉ። አንደኛ፣ ማንንም ተወዳዳሪ በአክብሮት ነው የሚያናግረው። በእኛ «እርስዎ» ማለት ነው። የሃያ ዓመት ተማሪም ይሁን፣ የሰፈር ሱቅ ጠባቂም ይሁን ያው ነው። ሁለተኛ፣ ሴት ተወዳዳሪ ስትመጣ ወንበሯን ይስብላታል፣ ስታለቅስ ተነስቶ ሶፍት ያቀብላታል። ሦስተኛ፣ ሂንዲው ጥርት ያለ ነው። አባቱ ሃሪቫንሽ ራይ ባችቻን የታወቁ የሂንዲ ገጣሚ ነበሩ፣ እሱም አልፎ አልፎ ግጥማቸውን ይላል። ባይገባችሁም ድምፁን ስሙት። አንቲ የቤት ቋንቋቸው ማራቲ ነው፣ ሂንዲን የሚናገሩት ምላሳቸው እየተሳሰረ ነው፣ ግን እሱ ሲናገር ሳህን ማንኳኳት ክልክል ነበር።

በ2007 አንድ ዙር ሻህ ሩክ ካን አቅርቦት ነበር። ቀልደኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ተወዳዳሪዎቹን ያቅፋል። እኔ በጎን አንድ ሁለት ክፍል ማየት ደስ ይለኛል። ተመልካቹ ግን ባችቻንን ነበር የፈለገው። በ2010 ፕሮግራሙ ወደ ሶኒ ሲዛወር እሱ ተመለሰ።

ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ?

ዋናው እዚህ ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከመጫወቱ በፊት አጭር ቪዲዮ ይቀርብለታል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። እናንተ እዩት። ቤቱን፣ መንገዱን፣ እናቱን፣ ሥራ ቦታውን ያሳያል። ከየት እንደመጣ በጽሑፍ ሲወጣ ካርታ ላይ ፈልጉት። ቦታው ሙምባይ ወይም ዴልሂ ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜም አይደለም፣ በዚያ ምሽት ያ ከተማ በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ባለ ክሮር ሃርሽቫርዳን ናዋቴ ነው፣ በጥቅምት 2000። ዕድሜው 27፣ ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚያጠና ልጅ ነበር። ይህን ፈተና ማወቅ ፕሮግራሙን ለመረዳት በጣም ይጠቅማል። ህንድ ውስጥ ከፍተኛ የመንግሥት ሹም ለመሆን የሚፈተኑት ብዙ መቶ ሺዎች ናቸው፣ የሚያልፉት ጥቂት መቶዎች። ለዚያ ብለው ወጣቶች ታሪክ፣ ሕገ መንግሥት፣ ጂኦግራፊ ለዓመታት ይሸመድዳሉ። የናዋቴ የክሮር ጥያቄም ከዚያው ነበር፦ ከእነዚህ ውስጥ በፓርላማ ውይይት እንዲሳተፍ የህንድ ሕገ መንግሥት የሚፈቅድለት ማን ነው? መልሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። እንግዲህ ዓመታት የተሸመደደ ነገር አንድ ምሽት ላይ ገንዘብ ሲሆን አገሩ በሙሉ አየ። ማትሪክን ያለፈ ኢትዮጵያዊ ይህ ስሜት የሚጠፋው አይመስለኝም።

ከዚያ ሱሺል ኩማርን ፈልጋችሁ እዩ። በ2011 ነው። ቢሃር ግዛት ውስጥ ሞቲሃሪ የምትባል ከተማ ልጅ፣ በመንግሥት የገጠር ሥራ ፕሮግራም ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ደሞዙ በወር 6,000 ሩፒ ገደማ። የ5 ክሮሩ ጥያቄ ይህ ነበር፦ በ1868 የኒኮባር ደሴቶችን መብት ለእንግሊዝ ሸጦ ከህንድ የወጣው ቅኝ ገዢ የትኛው ነው? ምርጫው ውስጥ ፈረንሳይ አለች፣ ጣሊያን አለች፣ ቤልጂየም አለች፣ ዴንማርክ አለች። መልሱ ዴንማርክ። ሱሺል 5 ክሮር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቁራጩን ስታዩ መልሱ ልክ ነው ከተባለ በኋላ ያለውን አትለፉ። ደስታውን የት እንደሚያደርገው ግራ የገባው ሰው ነው የምታዩት።

የሱሺልን ታሪክ ግን እዚያ አታቁሙት። ከገንዘቡ 30 በመቶ ገደማ ግብር ተቆርጧል፤ ህንድ ውስጥ የሽልማት ገንዘብ ግብር ከባድ ነው። በ2020 ደግሞ ራሱ በፌስቡክ ከድሉ በኋላ የመጣበትን ጻፈ። እርዳታ የሚጠይቀው ሰው ብዛት፣ ያታለሉት ሰዎች፣ መጠጥ፣ ከባለቤቱ ጋር የተፈጠረው ጠብ፣ ሁሉንም በግልጽ ተናገረ። በኋላ ራሱን ሰብስቦ ወደ ማስተማርና ዛፍ ወደ መትከል ተመለሰ። አንድ አሸናፊ ይህን ያህል እውነት ለሕዝብ መናገሩ ለእኔ ከ5 ክሮሩ የሚበልጥ ድፍረት ነው። ፕሮግራሙን የሚወድ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም እኔ የምወዳት ባቢታ ታዴ ናት፣ 2019። አምራቫቲ ከሚባል የማሃራሽትራ አውራጃ ናት። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የምሳ ኪችዲ (የሩዝና የምስር ምግብ) የምታበስል ሴት፣ የወር ክፍያዋ 1,500 ሩፒ። በገንዘቡ ምን ትፈልጊያለሽ ስትባል መጀመሪያ የጠራችው ሞባይል ስልክ ነው፣ ቤታቸው ያለው አንድ ስልክ ብቻ ነበርና። አቅራቢው እዚያው ስልክ ሰጣት። አንድ ክሮር ይዛ ወጣች።

ያ ምሽት አንቲ ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንቲ የተወለዱት ለአምራቫቲ ቅርብ ነው። ቻፓቲው ምጣዱ ላይ እያረረ፣ ሽታው ሳሎን ድረስ እየመጣ፣ ማንም አልተነሳም። ባቢታ እያንዳንዱን ምርጫ ስታወጣና ስታወርድ አንቲ የሳሪያቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። መልሱ ልክ ነው ሲባል አልጮሁም። ስልክ አንስተው ለእህታቸው ደወሉ፤ እህታቸውም በዚያው ሰዓት ለእሳቸው ስትደውል ኖሮ መስመሩ ተያዘ። የልጅ ልጃቸው በኋላ «አጂ (አያቴ)፣ ትምህርት ቤታችን የምታበስልልን ሴትዮም ይህን ሁሉ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቃቸው። አንቲ «ሂድና ጠይቃት» አሉት። በማግስቱ ጠይቋታል።

በ2021 ሂማኒ ቡንዴላ አንድ ክሮር ወስዳለች፣ የአግራ መምህርት ናት፣ ማየት የተሳናት። የእሷንም ክፍል ፈልጉት፤ አቅራቢው ጥያቄውን እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚያነብላት ለማየት ብቻ እንኳ።

«ስላምዶግ ሚሊየነር» የተባለውን ፊልም አይታችሁ ከሆነ አንድ ነገር አራግፉ። ፊልሙ ውስጥ ያለው አቅራቢ ተወዳዳሪውን የሚንቅና የሚያስይዝ ሰው ነው። ወንበሩና መብራቱ ይመሳሰላል እንጂ የቤቱ ጠባይ ፍጹም ሌላ ነው።

ብቻችሁን አትዩት

ይህ ፕሮግራም በጆሮ ማዳመጫ የሚታይ አይደለም። የአንቲን ደንብ ውሰዱ። ምርጫዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ መልሱን ይናገራል። የማያውቅም ይገምታል፣ ዝም ማለት አይፈቀድም። መሐል ላይ የሽምብራ ቆሎ ሳህን አለ። ልክ የመለሰ ይዘግናል፣ የሳተ ሳህኑን ለሚቀጥለው ያሳልፋል። ትልቅ ሰው ስለሆነ ማንም አይታለፍለትም። አባት ለልጁ ሳህን ሲያቀብል ልጁ ምን ያህል እንደሚደሰት ስታዩ ደንቡ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ይገባችኋል።

ጥያቄዎቹ የህንድ ታሪክ፣ ክሪኬት፣ ፊልምና የሂንዱ ተረቶች ስለሚበዙባቸው እናንተ መጀመሪያ ላይ ትሸነፋላችሁ። ችግር የለውም። የዓለም ጂኦግራፊ፣ ሳይንስና ኦሎምፒክ ሲመጣ ትመለሳላችሁ። የሂንዲው ፍጥነት ከከበዳችሁ የክልል ቋንቋ ዝግጅቶችም በተለያዩ ዓመታት ተሠርተዋል፣ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በማራቲ፣ በቤንጋሊ። ህንዳዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያላችሁ የትኛውን እንደሚያይ ጠይቁትና አብራችሁ ተቀመጡ። እንቢ የሚል ህንዳዊ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል፦ ባቢታ ታዴ፣ ከዚያ ሂማኒ ቡንዴላ፣ ከዚያ ሱሺል ኩማር። ዩቲዩብ ላይ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ የፕሮግራሙን አጭር ስም «ኬቢሲ» (KBC) ጨምሩበት። ሶኒ ራሱ የጫነውን ምረጡ፣ ሌላው ተቆራርጦ ታሪኩን ያበላሽባችኋል። ሦስቱን ካያችሁ በኋላ አንድ ተራ ክፍል ክፈቱ፣ ማንም ክሮር ያላገኘበት። 6,40,000 ይዞ የሚሄደው ሰው በዚያ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ሲናገር ስሙት፤ የእህት ሠርግ፣ የቤት ጣሪያ፣ የአባት ሕክምና ነው የሚለው።

የመጨረሻው ነገር ጥንቃቄ ነው። ለመወዳደር የህንድ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ምዝገባው ላይ ጊዜ አታጥፉ። የፕሮግራሙን ስምና የባችቻንን ፎቶ ለጥፎ «25 ላክ ሩፒ ሎተሪ ደርሶሃል» የሚል የዋትስአፕ መልእክት ለዓመታት ሲዞር ኖሯል፤ የህንድ ፖሊስም ደጋግሞ አስጠንቅቋል። መጀመሪያ «ለማስፈጸሚያ» ብለው ትንሽ ገንዘብ ያስልካሉ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ኬቢሲ ሎተሪ የለውም። ገንዘብ የሚገኘው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥያቄ በመመለስ ብቻ ነው። መልእክቱ ከመጣባችሁ ቁጥሩን ብሎክ አድርጉት፣ ህንድ ውስጥ ያለ ዘመድ ወይም ተማሪ ካላችሁም ንገሩት።